የወጣውን ዘይት ለኩ

ኦቶማቲክ መኪና ያለው ሰው አንድ ምክር ሳይሰማ አይቀርም፦ «የካምቢዮውን ዘይት እንዳታስነካ፤ ካስነካህ ይበላሻል።» ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች ክፋት የላቸውም። አብዛኞቹ በዓይናቸው ያዩትን ነው የሚናገሩት። ጎረቤታቸው ደህና ይሄድ የነበረ መኪናውን ሰርቪስ አስደርጎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ማርሹ ሲቀየር መምታት ጀመረ፤ ወይም ዲ አስገብቶ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አልንቀሳቀስም አለ። ታዲያ ከዘይቱ ሌላ ማን ይጠርጠር?

ዕድሜዬን ከመኪና ስር ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ምክር አልቀበለውም። ብዙ ደህና ካምቢዮ ገድሏል ብዬም አምናለሁ። ዘይቱ ሳይቀየር ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ካምቢዮው ቀስ ብሎ ይበላል፤ ያ ቀስ ያለ ጉዳት ግን ጩኸት ስለሌለው ማንም አይቆጥረውም። የሚቆጠረው ከሰርቪስ ማግስት የመጣው ብልሽት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ሦስት ነገር ነው፦ ምን ዘይት ገባ፣ ስንት ገባ፣ እንዴት ተለካ።

ሞተር ውስጥ የዘይት ዋና ሥራ ማለስለስ ነው። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ግን ዘይቱ ራሱ ሠራተኛ ነው። የሞተሩን ጉልበት በቶርክ ኮንቨርተር በኩል የሚያሻግረው እሱ ነው፤ በፓምፕ ተገፍቶ ማርሽ የሚቀይረው እሱ ነው፤ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር የሚወስደውም እሱ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚከብድ ሌላም ሥራ አለበት። ካምቢዮው ውስጥ እንደ ፍሪሲዮን የሚያገለግሉ፣ ወረቀት መሰል ነገር የተለበጡ ስስ ዲስኮች አሉ። ማርሽ ሲቀየር እነዚህ ዲስኮች ዘይት ውስጥ እንደተነከሩ መያያዝ አለባቸው። ዘይቱ ከልክ በላይ ካንሸራተታቸው ይቃጠላሉ፤ ከልክ በላይ ቶሎ ካስያዛቸው መኪናው ይመታል። ልኩን የሚጠብቀው ዘይቱ ውስጥ የሚጨመረው ቅመም ነው።

ቅመሙ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ የሚያሳይ ታሪክ አለ። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን ኦቶማቲክ ካምቢዮ ለእ.ኤ.አ. 1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ካቀረበ በኋላ፣ በአሜሪካ የካምቢዮ ዘይት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይገባ ከነበረው ቅመም አንዱ ከዓሣ ነባሪ የሚወጣ ዘይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንስሳው ከምድር እንዳይጠፋ ተብሎ ንግዱ በአሜሪካ ሲከለከል አምራቾቹ ምትክ ፍለጋ ገቡ። የጄኔራል ሞተርስ የካምቢዮ ዘይት የሆነው ዴክስሮን-ሁለት የመጣው በዚያ ዘመን ነው። ከመጀመሪያዎቹ ምትኮች መካከል የካምቢዮውን ማቀዝቀዣ እየበላ ያስቸገረ ነበረና እሱም እንደገና ተሻሻለ። ፎርድ ደግሞ በዚያው ጊዜ ታይፕ-ኤፍ የሚባል ሌላ ዘይት ነበረው፤ ዲስኮቹ ቶሎና ጠንከር ብለው እንዲያያዙ የተሠራ፣ የዴክስሮን ተቃራኒ ማለት ይቻላል። ሁለቱም ቀይ ናቸው። በዓይን የሚለያቸው ሰው የለም።

ቀለሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛ ጋ ብዙ ጥፋት የሚመጣው በሱ ነውና። ቀዩ ቀለም ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ዘይቱ ከየት እንደፈሰሰ ለመለየት ይረዳል፤ ስለ ዓይነቱም ሆነ ስለ ጥራቱ ግን አይናገርም። አሮጌ ቶዮታዎች የመሪ ዘይታቸውም ያው ዴክስሮን ስለነበረ፣ ብዙ ጋራዥ ውስጥ «ቀዩ ዘይት» አንድ ዕቃ ሆኖ ቀርቷል፤ ከአንዱ ጀሪካን ለመሪውም ለካምቢዮውም ይቀዳል። ጄኔራል ሞተርስ ለዴክስሮን-ሦስት ፈቃድ መስጠት ካቆመ ደግሞ ብዙ ዓመት አልፎታል። ስሙ ዛሬም ጠርሙስ ላይ ይታያል፤ ግን የጠርሙሱን ይዘት ፈትሾ ፈቃድ የሚሰጥ አካል ከኋላው የለም።

አሁን የእኛን መንገድ የሞሉትን መኪኖች እንመልከት። የእ.ኤ.አ. 2000ዎቹ መጀመሪያ ኦቶማቲክ ኮሮላ ቶዮታ ቲ-ፎር የሚለውን ዘይት ነው የሚፈልገው። ቀጥሎ የመጣው ኮሮላ ደብልዩ-ኤስ ይፈልጋል። ደብልዩ-ኤስ ቀጠን ያለ ነው፤ ካምቢዮው የተሠራው ለዚያ ቅጥነት ነውና በቲ-ፎር አይተካም፣ ቲ-ፎርም በሱ አይተካም። ቪትዝ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አንዳንዱ ቪትዝ ባለ አራት ማርሽ ኦቶማቲክ ነው፤ ከጃፓን የመጣው ሌላው ሲቪቲ ነው። ሲቪቲ ውስጥ የሚቀያየር ማርሽ የለም፤ የብረት ቀበቶ በሁለት ፑሊዎች መካከል ተጨምቆ ነው ጉልበት የሚያስተላልፈው፤ ቀበቶው እንዳይንሸራተት የሚያደርግ የራሱ ዘይት አለው። ሲቪቲ ውስጥ ተራውን ቀይ ዘይት መጨመር ቀበቶውንና ፑሊውን መፋቅ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ መኪኖች ያው ቪትዝ ናቸው። በውስጥም ማርሽ ማስገቢያው ላይ ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ ተጽፏል። ስለዚህ «ቪትዝ ነው» ማለት ለመካኒክ በቂ መልስ አይደለም። ኮፈኖው ስር ወይም የበሩ ምሰሶ ላይ ያለችው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ወይም ስቲከር የካምቢዮውን ኮድ ትናገራለች። ዘይት ከመግዛታችሁ በፊት እሷን በስልካችሁ አንሱ።

ትክክለኛው ዘይት ተገኘ እንበል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ልኬት ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ትክክለኛ ዘይት ገብቶ፣ ንጹሕ ፊልትሮ ገብቶ፣ በልኬት ስህተት ብቻ ካምቢዮ ሲንገላታ ማየት ያንገበግባል።

የካምቢዮ ዘይት ሲሞቅ ያብጣል። ስድስት ሊትር ተኩል ገደማ ዘይት ከቀዝቃዛ ጠዋት ተነስቶ እስከ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ከሩብ ሊትር በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ቀዝቅዞ እያለ «ሙቅ» የሚለው ምልክት ድረስ የተሞላ ካምቢዮ፣ ሲሞቅ ከልኩ ያልፋል። ሲያልፍ የሚሽከረከሩት ማርሾች ዘይቱን ይመቱታል፤ አረፋ ይሆናል። አረፋ ውስጥ አየር አለ፣ አየር ደግሞ ይጨመቃል፤ ግፊቱ ይወድቃል፤ ዲስኮቹ መንሸራተት ይጀምራሉ። ዘይቱ ሲያንስ ደግሞ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ውጤቱ ያው ነው። መብዛቱም ማነሱም አንድ ዓይነት ምልክት ስለሚያሳዩ ሳይለካ በግምት የሚጨምር ሰው ችግሩን ሊያብሰው ይችላል።

አለካኩም ቢሆን ከመኪና መኪና ይለያያል። መለኪያ ዘንግ ያላቸው አብዛኞቹ ቶዮታዎች ሞተራቸው እየሠራ ነው የሚለኩት፦ መኪናው ሞቆ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ፍሬን ተይዞ ማርሹ ከፒ ጀምሮ በእያንዳንዱ ቦታ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ፒ ላይ ሆኖ። ብዙ ሆንዳዎች ግን ሞቀው ሞተራቸው ከጠፋ በኋላ ወዲያው፣ ደቂቃ ተኩል ሳይሞላ ይለካሉ። ቶዮታን እንደ ሆንዳ አጥፍቶ የለካ ሰው፣ ከቶርክ ኮንቨርተሩ የተመለሰውን ዘይት ጨምሮ ስለሚያይ «ሞልቷል» ይላል። አዳዲሶቹ ደግሞ መለኪያ ዘንግ የላቸውም። ከስር በምትፈታ ቡሎን በኩል ትርፉ እስኪንጠባጠብ ይጠበቃል፤ ያም ዘይቱ በተወሰነ ሙቀት ላይ እያለ ነው፣ በብዙ ሞዴሎች 40 ዲግሪ አካባቢ። ይህን ሙቀት በእጅ ዳብሶ ማወቅ አይቻልም፤ በስካነር ይነበባል፣ ወይም አምራቹ ያዘዘው የመፈተሻ ሥርዓት ይከተላል።

ለዚህ ነው ባለቤቱም መካኒኩም አንድ ቀላል ነገር እንዲያደርጉ የምለምነው፦ የወጣውን ዘይት ለኩ። ምልክት ባለው ባልዲ ወይም በባዶ የዘይት ጠርሙስ ይሁን፤ ብቻ ከመደፋቱ በፊት ይለካ። ሦስት ሊትር ከወጣ ሦስት ሊትር ይገባል፤ ከዚያ በሙቀቱ ይረጋገጣል። መኪናው ጋራዥ ሲገባ ልኩ የተዛባ ከነበረም ያኔ ይታወቃል። ያየኋቸው ብዙ ጋራዦች ግን አሮጌውን ዘይት በርሜል ውስጥ ደፍተው፣ አዲሱን በዓይን ይሞላሉ። እንዲህ የሞላ መካኒክ የካምቢዮው ችግር ከየት እንደመጣ በኋላ በምን ያውቃል?

«ቡሎኑ ተፈትቶ ሁሉም ዘይት ወጣ» የሚባለውም ልክ አይደለም። ከኮሮላ ካምቢዮ በአንድ ጊዜ የሚፈሰው ሦስት ሊትር ገደማ ነው፤ ቀሪው ቶርክ ኮንቨርተሩና ቱቦዎቹ ውስጥ ይቀራል። አንድ ጊዜ ሲቀየር ከግማሽ በላይ አሮጌ ዘይት አለ ማለት ነው። ትንሽ ተነድቶ ሁለተኛ ጊዜ ሲቀየር አሮጌው ከሲሶ በታች ይወርዳል፤ በሦስተኛው አንድ ስድስተኛ ገደማ ይሆናል። ብዙ ለተነዳ መኪና እኔ የምመርጠው ይህን ዘገምተኛ መንገድ ነው። በማሽን ገፍቶ ሁሉንም በአንዴ ማጠብ የተቀመጠ ቆሻሻ ቀስቅሶ፣ ዘይቱን በየመንገዱ በሚያከፋፍለው ቫልቭ ቦዲ ውስጥ ያሉትን ጠባብ መንገዶች ሊዘጋ ይችላል።

ወደ መጀመሪያው ምክር ልመለስ፤ እውነት ያለበት ቦታ አለውና። ዲስኮቹ ቀድመው ያለቁበት ካምቢዮ አዲስ ዘይት ሲገባበት መንሸራተቱ ሊገለጥ ይችላል። የአዲሱ ዘይት ማለስለሻ ቅመም ሙሉ ነው፤ ያለቀ ዲስክ ደግሞ ያንን የሚቋቋምበት ሥጋ አልቀረለትም። ዘይቱ ከመቀየሩ በፊት ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካለው፣ ኮፓው ሲወርድ ማግኔቱ ላይ ከተለመደው ደቃቅ ዱቄት አልፎ የብረት ስባሪ ከተገኘ፣ መኪናውም ዳገት ላይ አስቀድሞ ይንሸራተት ከነበረ፣ መካኒኩ ለባለቤቱ በግልጽ መንገር አለበት፦ «ጋሼ፣ ይህ ካምቢዮ ዘይት ብትቀይሩለትም ላይድን ይችላል። ዛሬ ካልነገርኳችሁ ነገ እኔ ያበላሸሁት ይመስላችኋል።» ይህ ንግግር ለሁለቱም ወገን ክብር ነው። ሳይነገር ሲቀር ነው ጠብ የሚመጣው፣ ያ ምክርም ከሰፈር ሰፈር የሚዞረው።

ሌላም አለ። ኮምፒውተር ያላቸው ካምቢዮዎች ዲስኮቹ እየሳሱ ሲሄዱ ግፊቱን እያስተካከሉ አያያዛቸውን ይማራሉ። በሰርቪስ ጊዜ ባትሪ ከተነቀለ በብዙዎቹ ያ ትምህርት ይሰረዛል፤ ማርሹ ለጥቂት ቀናት ሻካራ ይሆናል። ልዩነቱን አስተውሉ፦ በየቀኑ እየለሰለሰ የሚሄድ ምት አያስጨንቅም። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይሄድበት መንሸራተት ግን በመንዳት አይስተካከልም፤ የምትነዱት እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ዲስክ እያቃጠለ ነው። አቁሙትና መጀመሪያ ልኬቱ፣ ቀጥሎ የዘይቱ ዓይነት፣ ከዚያ ፊልትሮው በጎማው ላይ በትክክል መቀመጡ ይታይ። የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ውስጥ ተረስቶ አዲሱ በላዩ ከተገጠመ ፓምፑ አየር ይስባል።

የራዲያተሩ ነገር ብዙ ሰው አያስበውም። በአብዛኞቹ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ባለች ቱቦ ነው። እኛ ደግሞ ኩላንት ትተን ከቧንቧ ውሃ እንሞላለን። ውሃው ዓመት ሲቆይ ቱቦዋን ከውስጥ ይበላታል፤ አንድ ቀን ትበሳና ውሃና ዘይት ይገናኛሉ። ዘይቱ እንጆሪ የገባበት ወተት መስሎ ከወጣ ያ ሆኗል ማለት ነው። ውሃ የዲስኮቹን ልባስ የያዘውን ሙጫ ይለቀዋል። የኩላንት ዋጋ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

ይህን ሁሉ አሁን የምጽፈው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ስላስታወቀ ጭምር ነው። በእጃችን ያሉት ኮሮላዎችና ቪትዞች እንደ ድሮው በቀላሉ በሌላ አይተኩም። አዲስ አበባ ደግሞ ለካምቢዮ ምቹ ከተማ አይደለችም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ነጂው ነዳጅ ይጨምራል፤ ቶርክ ኮንቨርተሩ ይበልጥ ይንሸራተታል፣ ዘይቱም ይግላል። በዚያ ላይ የእንጦጦ ዳገትና የመገናኛ ሰልፍ አለ። አንዳንድ አምራቾች «የዕድሜ ልክ ዘይት» ይላሉ። ለብዙ የአውሮፓ መኪኖች ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድ-ኤፍ ኩባንያ ራሱ ግን ዘይቱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ፣ ቢዘገይ በስምንት ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። ለእኛ መንገድ እኔ ከዚያም ቀደም አደርገዋለሁ።

ካምቢዮው አልቋል ተብላችሁ ከሻርጃ የመጣ ያገለገለ ካምቢዮ ለመግዛት ወደ ሶማሌ ተራ ከመሄዳችሁ በፊት፣ የያዘው ዘይት ዓይነቱና ልኩ በሌላ መካኒክ ይታይ። መቀየሩ ግድ ከሆነም ሌላው ቢቀር አንድ ነገር አስደርጉ፦ የማቀዝቀዣው ቱቦና ራዲያተሩ ውስጥ ያለችው መስመር ታጥባ ትጽዳ። የሞተው ካምቢዮ የለቀቀው ስባሪ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ካልወጣ አዲስ የተገጠመው ካምቢዮ ሲነሳ መጀመሪያ የሚውጠው እሱን ነው።