በካርቱም ኢንተርኔቱ ሲዘጋ በር ተንኳኳ

ከአዲስ አበባ ካርቱም በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር ወደዚያ የሄድኩት፣ ቡሪ በሚባለው ሰፈር ቡናና ሻይ እየሸጠች ብዙ ዓመት የኖረች አክስቴን ልጠይቅ ነበር። ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ የሚገናኙበትንም ቦታ ለማየት ጓጉቼ ነበር፤ አየሁት። ሁለቱ ውኃዎች መልካቸው ሳይቀላቀል ጎን ለጎን ሲጓዙ ማየት ደስ ይላል። ከልቤ ያልወጣው ግን ሌላ ነው፤ አክስቴ ከዛፍ ሥር ጀበናዋን ጥዳ ያጫወተችኝ።

በሰፈሩ ግድግዳዎች ላይ የወጣቶች ፊት ተስሏል። ማን እንደሆኑ ስጠይቃት፣ “የጎረቤት ልጆች ናቸው። ያኛው ዝንጅብል የበዛበት ቡና ነበር የሚወደው” አለችኝና ዝም አለች። ጀበናውን፣ ሱዳኖቹም “ጀበና” የሚሉትን፣ ከእሳቱ አወረደች።

ነገሩ የጀመረው በዳቦ ነው። በ2011 ዓ.ም. የአንዱ ዳቦ ዋጋ ከአንድ ፓውንድ ወደ ሦስት ሲያሻቅብ፣ የባቡር ሠራተኞች ከተማ በሆነችው በአትባራ ሕዝቡ ታኅሣሥ 10 ቀን አደባባይ ወጣ። ወሬውን ወደ ካርቱም ያመጣው የእጅ ስልክ ነው። ከዚያ በኋላ የሱዳን ባለሙያዎች ማኅበር የሰልፉን ቀንና መነሻ በፌስቡክ እያወጣ ሰዉን ይጠራ ጀመር። መንግሥት ማኅበራዊ ሚዲያውን ሲዘጋ ወጣቱ በቪፒኤን ገባ። “ቪፒኤን የሚባለውን ከእኔ ስልክ ጀምሮ በሰፈሩ አሮጊት ሁሉ ስልክ ላይ የጫነችው ልጄ ናት” አለች አክስቴ፤ ኩራትም ፍርሃትም ባለበት ድምፅ።

እኔን ያስገረመኝ የሴቶቹ ነገር ነው። ሚንበር ሻት የሚባል፣ ሴቶች ብቻ የሚገቡበት የፌስቡክ ቡድን ነበር። ሥራው ምን መሰላችሁ? አንዲት ልጅ የወደደችውን ወይም የጠየቃትን ወንድ ፎቶ ትለጥፋለች፤ ሌሎቹ “ሚስት አለው” ወይም “ጨዋ ነው” ይሏታል። ተቃውሞው ሲጀመር እነዚሁ ሴቶች ሰልፈኛ የሚደበድቡ የደህንነት ሰዎችን ፎቶ እየለጠፉ፣ ማን እንደሆኑና የት ሰፈር እንደሚኖሩ ያጋልጡ ጀመር። ባል ለማጥናት የተማሩትን ለዚህ አዋሉት። ስልክ ግን ለሁለቱም ወገን ይናገራል፤ ወታደሮች መንገድ ላይ ስልክ እየቀሙ ይፈትሹ ነበርና፣ የአክስቴ ልጅ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ሁሉን አጥፍታ ነበር የምትወጣው። እናት ደግሞ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

ሰልፉ የሚጀመረው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነበር፤ ምልክቱም የሴቶች እልልታ ነው። መጋቢት 28 ቀን ሕዝቡ በጦር ኃይሉ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ሰፈረ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ አላ ሳላህ የተባለች የ22 ዓመት ተማሪ ነጭ ቶብ ለብሳ፣ መኪና ላይ ቆማ እጇን ወደ ሰማይ ስትዘረጋ በስልክ የተነሣው ፎቶ ዓለምን አዳረሰ። ሚያዝያ 3 ቀን ኦማር አልበሽር ከ30 ዓመት ገደማ አገዛዝ በኋላ ከሥልጣን ወረዱ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ግንቦት 26 ቀን፣ የረመዳን ጾም ሊፈታ ሲል፣ ወታደሮች ሰፈሩን በጥይት በተኑት። የሱዳን ሐኪሞች ኮሚቴ የሟቾቹን ቁጥር ከ100 በላይ አድርሶታል፤ ከዓባይ የወጣ አስከሬንም ነበር። በዚያው ቀን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ።

“ያን ጊዜ ሁሉ ያለቀ መስሎኝ ነበር” አለች አክስቴ።

“ታዲያ ኢንተርኔት ሳይኖር ሰው በምን ተጠራራ?”

“በእግር ነዋ፣ ልጄ! የሰፈሩ ልጆች ኮሚቴ ነበራቸው። በር እያንኳኩ፣ ወረቀት እየበተኑ፣ ግድግዳ ላይ እየጻፉ። እኔም ሻይ ለሚጠጣው ሁሉ በጆሮው እነግረው ነበር።”

ሰኔ 23 ቀን፣ አልበሽር በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን በያዙ በ30ኛ ዓመቱ፣ ያለ ኢንተርኔት እጅግ ብዙ ሕዝብ በየከተማው ወጣ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ ጠበቃ የስልክ ኩባንያውን ከስሶ ረትቶ ነበር፤ ሆኖም የከሰሰው በግሉ ስለነበር ኢንተርኔት የተለቀቀው ለእሱ ስልክ ብቻ ነው! ለሕዝቡ የተከፈተው ሐምሌ 2 ቀን ነው። ኢትዮጵያና የአፍሪካ ኅብረት ያደራደሩት ስምምነት ደግሞ ነሐሴ 11 ቀን ተፈረመ።

እኔ በሄድኩበት ጥር ተስፋው ገና ትኩስ ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ግን ወታደሮቹ ሥልጣኑን መልሰው ወሰዱት፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ካርቱም በጦርነት ነደደች። አክስቴም ልጇን ይዛ በመተማ በኩል አገሯ ገባች። ጀበናዋን እንኳን አላመጣችም።

ያ ሁሉ ከንቱ ሆነ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። እነዚያ በር ያንኳኩ የነበሩ የሰፈር ኮሚቴዎች፣ በጦርነቱ መሐል ትልቅ ድስት ጥደው ለተራበ ጎረቤት ምግብ ሲያድሉ የሚያሳይ ፎቶ ነው። እኛ ዕድር የምንለው ዓይነት ነገር። ፌስቡክ ሰዎቹን ጠራ እንጂ አላስተዋወቃቸውም፤ ቀድሞውንም ይተዋወቁ ነበር።

እኛ ወላጆች ዘወትር ስልክ ላይ ስላፈጠጡ ልጆቻችን እናማርራለን። እኔ ግን ከካርቱም ወዲህ ልጄን የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ “ከአጠገባችን ያለው ግቢ ውስጥ ማን ማን እንደሚኖር ታውቃለህ?” መጀመሪያ በጠየቅኩት ቀን አላወቀም ነበር። በማግሥቱ አብረን ሄደን አንኳኳን።