ከላይ ቤት የሚመጣው ከበሮ

ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ሪችመንድ ሂል የሚባል ሰፈር አለ። «ትንሿ ጋያና» ይሉታል። ሊበርቲ ጎዳና ላይ ብትሄዱ የሳሪ ሱቅ፣ የሮቲ ቤት፣ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ታያላችሁ፤ ሰዎቹ ግን ከህንድ የመጡ አይደሉም። የጋያናና የትሪኒዳድ ልጆች ናቸው። እኔ ከደብረ ታቦር መጥቼ እነሱ ጋ ምድር ቤት ተከራየሁ። አከራዬን «አንቲ» ነው የምላት፤ በእሷም አገር ትልቅ ሴት በስሟ አትጠራም።

ቅዳሜ ጠዋት አንቲ ወጥ ስትሠራ ሙዚቃ ትከፍታለች፣ ጣሪያዬ ይንቀጠቀጣል። ዜማው በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት ተኮልኩለን ካየናቸው የህንድ ፊልሞች ጋር ይዛመዳል። ምቱ ግን ሌላ ነው፤ ፈጣን፣ ትከሻ የማያስቀምጥ። ከኋላው አንድ ብረት ሳያቋርጥ ይንቃጨላል። ዳንታል ይባላል፤ ረጅም የብረት ዘንግ ነው፣ እንደ ፈረስ ኮቴ በጎበጠ ብረት ይመቱታል። የሙዚቃው ስም «ቸትኒ» ነው። አዎ፣ ማባያው። እኛ አንዱን ዘፈን «አዋዜ» ብንለው ማለት ነው።

ታሪኩ ደግሞ የሚገርም ነው። ባርነት ሲቀር የእንግሊዝ አገዳ እርሻዎች ጉልበት አጡ፤ ከህንድ ሰው በኮንትራት ማጓጓዝ ተጀመረ። ወደ ጋያና በ1838፣ ወደ ትሪኒዳድ በ1845 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው)። እስከ 1917 ቀጠለ። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ፣ እኛው ሰፈር አጠገብ፣ ሴባስቶፖልን ሲያሠሩ እነዚያ መርከቦች ከካልካታ እየተነሱ ነበር። በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር መቅደላ ድረስ ከመጡትም ብዙዎቹ የህንድ ወታደሮች ነበሩ። ይሄን ክፍል ውስጥ ማንም አልነገረንም።

ቸትኒ በአብዛኛው የተነሳው ከሴቶች ጓዳ ነው። ከሠርግ ቀደም ብሎ ማቲኮር የሚሉት ሌሊት አለ፤ ሴቶች ብቻቸውን ተሰብስበው፣ ከበሮ እየመቱ፣ ወንድ ፊት የማይባለውን ሁሉ እየዘፈኑ ይጨፍራሉ። ይሄን ስሰማ ፋርጣ ያሉ አክስቶቼ ድቅን አሉብኝ። ሚዜ በር ላይ አቁመው በግጥም ሲሰድቡ ማን ይችላቸዋል?

የእነሱ ግን ከጓዳ ወጥቶ ሸክላ ላይ ደረሰ። ሱንደር ፖፖ በ1970 ገደማ ሂንዲና የትሪኒዳድ እንግሊዝኛ ቀላቅሎ ስለ አያቶች ዘፈነ። ድሩፓቲ ራምጉናይ በ1980ዎቹ መጨረሻ ቸትኒን ከሶካ ጋር አዋህዳ መድረክ ወጣች። የህንድ ዘር፣ ሴት ሆና፣ በአደባባይ! ብለው ያወገዟት ነበሩ። ሴት አዝማሪ ላይ ምን እንደሚወራ የምታውቁ አይደንቃችሁም። እኔ በበኩሌ የእሷን አስበልጣለሁ።

አንድ ቀን አንቲን «ምን እያለ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ትችለዋለች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሳቀች። ቦጅፑሪ የአያቷ ቋንቋ ነበር፤ እናቷ ትንሽ ትሰማ ነበር፤ ለእሷ የደረሳት ድምፁ ብቻ ነው። «አያቴ እንዲህ ነበር የምትለው» አለችኝ።

ልጄ አራት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ነው የተወለደችው። እሹሩሩ ስላት አብራኝ ታዜማለች፤ «ውሃ ልስጥሽ?» ስላት ግን በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። አያት፣ እናት፣ ልጅ ብዬ ቆጠርኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወንድሜ ጥር ላይ ሊያገባ ነው። ወረቀቴ ስላላለቀ አልሄድም። እዚያ ኢንተርኔት እንደ ልብ ስለማይገኝ ከእናቴ ጋር የምንገናኘው በተራ ስልክ ነው። ባለፈው ሳምንት ስደውል የሠርግ ዘፈኗን ልቅረጽ አልኳት።

«ምኑ ይቀረጻል ይሄ! ኧረ ሰው ይሰማኛል።»

ለመንኳት። ጓዳ ገብታ፣ በር ዘግታ፣ ጀሪካን እየመታች ዘፈነችልኝ። አንቲ ደረጃው ላይ ቆማ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ታዳምጥ ነበር።

መሃል ላይ አንድ ቃል አልገባኝም። ስትጨርስ «እማዬ፣ እሱ ምን ማለት ነው?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ እናቴ እንዲህ ነበር የምትለው።»