ከቱሉ ዲምቱ የተላከ ሚጥሚጣ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ቃሊቲንና አቃቂን አልፎ ዱከም ሳይደርስ ቱሉ ዲምቱ የሚባለውን ስፍራ ያገኛል። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። በባሌ ያለው፥ ቁመቱ 4,377 ሜትር የሆነው ታላቅ ተራራም በዚሁ ስም ስለሚጠራ፥ የምንናገረው ስለዚያ እንዳልሆነ ለክቡራን አንባቢዎቻችን አስቀድመን እናስታውቃለን። የእኛው ቱሉ ዲምቱ ስሙ ቀይ ይሁን እንጂ በክረምት በጫማ ተጣብቆ እስከ ቤት ድረስ የሚከተለው ጭቃ ጥቁር ነው። እስከ አዳማ 84.7 ኪሎ ሜትር የሚሄደው የፍጥነት መንገድም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2014 ከተከፈተ ወዲህ መኪናዎች ከበሩ ላይ ተሰልፈው ትኬት ሲቀበሉ ይታያሉ። ከዚያ ወዲህ ማዶ ኮንዶሚኒየም የተባሉት ባለ ፎቅ ቤቶች እንደ ተደረደረ መጽሐፍ ጐን ለጐን ቆመዋል።

ታላቅ እኅታችን ከነዚህ ቤቶች በአንዱ፥ በሦስተኛው ፎቅ ትኖራለች። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ እርሱም ወደ አሜሪካ ከሄደ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። በየወሩ ገንዘብ ይልክላታል፥ በየእሑዱም በስልክ ያነጋግራታል። ምን ሥራ እንደሚሠራ ለሚጠይቃት ሰው ሁሉ፥ «ቢሮ ነው የሚሠራው፤ ስሙ በበሩ ላይ የተጻፈበት ክፍል አለው» ብላ ትመልሳለች። ይህንንም ስትናገር ድምፅዋን ጥቂት ከፍ ማድረግዋን እኛም ጎረቤቶችዋም እናውቃለን።

ባለፈው ግንቦት መሥሪያ ቤታችን ለአሥር ቀን ወደ ዋሽንግተን እንዲልከን በተወሰነ ጊዜ፥ እኅታችን ወሬውን ከሰማች ጀምሮ ሚጥሚጣ ለማዘጋጀት ተነሣች። ቃሪያውን በበረንዳ ላይ በፀሐይ አደረቀች፥ ኮረሪማውን ፈለፈለች፥ ጨውን አመሰች፤ በሙቀጫም በወቀጠችው ጊዜ እስከ አራተኛው ፎቅ ያሉ ሰዎች ያስነጥሱ ነበር። ኮረሪማ ማብዛት ከእናታችን የወረሰችው ልማድ ነው፤ በቤተ ዘመዱ ሁሉ እንዲህ አድርጎ የሚያዘጋጅ ሌላ ሰው የለም። ከዚያም በሦስት ላስቲክ ጠቅልላ፥ «በቢሮው ምሳውን ሲበላ ይነስንስበት» ብላ ሰጠችን።

የጉዞውን ነገር አናስረዝምም፤ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ ከመድከም በቀር የሚነገር ነገር አልነበረውም። ያረፍንበት ሆቴል በሜሪላንድ ግዛት፥ ከዋሽንግተን ሰሜን አጥብቆ በሚገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ከተማ ነበረ። በዚያ አገር ከወገኖቻችን ብዙዎች ስለሚኖሩ በየሱቁ ደጃፍ የአማርኛ ጽሕፈት እያነበቡ መሄድ ይቻላል። የእኅታችን ልጅም በደረስንበት ቀን መጥቶ ጉልበታችንን ስሞ፥ ግማሽ ሰዓት ያህል ከእኛ ጋራ ተቀምጦ፥ የእናቱን ጥቅል ይዞ ሄደ። በእጁ ላይ ትንንሽ የእሳት ጠባሳዎች አይተን ብንጠይቀው፥ «የቤት ምድጃ ነው» አለን። ማታ ማታ ሥራ ስላለበት ሊያመሸን እንደማይችልም ነገረን። ቢሮ በማታ የሚሠራ ከሆነ ትጉህ መሥሪያ ቤት መሆን አለበት ብለን ተደነቅን።

በሦስተኛው ቀን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለን፤ በእኛ አገር ጧት ነበርና ሆዳችን ቁርሱን ይጠይቅ ጀመር። ከሆቴሉ ደጅ የነበረው የታክሲ ነጂ የጎንደር ሰው ሆኖ ስላገኘነው፥ በዚህ ሰዓት ምግብ የሚገኝበት ቤት ያለ እንደ ሆነ ጠየቅነው። እርሱም፥ «የሌሊቱን ተራ የሚያበስለው የኛ ልጅ የሆነበት ቤት አለ፤ ሐበሻ መሆንዎን ከነገሩት ሚጥሚጣ ይጨምርበታል» ብሎ ወሰደን።

ቤቱ ዳይነር የሚሉት ዓይነት ምግብ ቤት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ከሐዲዱ ወጥቶ በመንገድ ዳር የቆመ የባቡር ፉርጎ ይመስላል፤ ቀድሞ ከጅቡቲ ተነሥቶ በአቃቂ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይገባ የነበረውን ባቡር ያየ ሰው ወዲያው ትዝ ይለዋል። ግድግዳው እንደ መስተዋት በሚያብለጨልጭ ብረት ተለብጧል፤ ውስጡ በቀይ ቆዳ የተሸፈኑ ክብ መቀመጫዎች ረጅም ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተተክለዋል፤ ወለሉ ጥቁርና ነጭ እንደ ዳማ ገበታ ነው። በማዕዘኑ ሳንቲም ሲጨምሩበት ዘፈን የሚያሰማ ጁክ ቦክስ የተባለ ሣጥን ቆሟል። አስተናጋጆቹም የአያቶቻቸውን ዘመን ልብስ ለብሰዋል።

የዚህ ዓይነቱ ቤት ታሪክ ለጋዜጣ አንባቢ ሊነገር የሚገባው ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1872 ፕሮቪደንስ በሚባለው ከተማ ዋልተር ስኮት የተባለ ሰው፥ ሌሊት ጋዜጣ ሲያትሙ የሚያድሩ ሠራተኞች የሚበሉት አጥተው አይቶ፥ በፈረስ በሚጐተት ጋሪ ላይ ዳቦና ቡና፥ የተቀቀለ እንቁላልም ይዞ በማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ይሸጥ ጀመር። ኋላ ጋሪው ቆመ፥ ጣራና ወንበር ተጨመረለት፤ በኒው ጀርሲም በፋብሪካ እየተሠራ በየከተማው ይላክ ጀመር። እንግዲህ የቤቱ መጀመሪያ ጋዜጣ ነው ብንል ሐሰት አይሆንም።

ዛሬ እኛ የበላንበት ግን አሮጌ አይደለም፤ አሮጌ መስሎ አዲስ የተሠራ ነው እንጂ። በ1980ዎቹ ጆኒ ሮኬትስንና እርሱን የመሰሉ ቤቶች ከተከፈቱ ወዲህ እንዲህ ማድረግ በአሜሪካ ልማድ ሆኗል። በዚሁ በሲልቨር ስፕሪንግ በ1946 የተከፈተ ቴስቲ ዳይነር የሚባል እውነተኛ አሮጌ ቤት ነበረ፤ እርሱ ግን በ2023 ተዘጋ። እውነተኛው ተዘግቶ አምሳያው ሲሠራ ማየት ለእኛ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው።

አስተናጋጅዋ የምግቡን ዝርዝር በሰጠችን ጊዜ ሌላ ጭንቀት መጣብን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርናት እንግሊዝኛ «ሃም» የአሳማ ጭን መሆኑን ስለምትነግረን፥ ሃምበርገር የተባለውን ፈርተን የታክሲ ነጂውን አማከርነው። እርሱም ስቆ፥ ስሙ ሀምቡርግ ከምትባለው የጀርመን ከተማ የመጣ መሆኑን፥ ሥጋውም የተፈጨ የበሬ ሥጋ መሆኑን አስረዳን። በ1921 ዊቺታ በተባለው ከተማ የተከፈተው ኋይት ካስል የሚባል ቤት ትንሹን ሃምበርገር በአምስት ሳንቲም እየሸጠ ምግቡን ለሕዝብ እንዳስለመደውም ቀደም ሲል አንብበን ነበርና፥ ፍርሃታችንን ትተን አዘዝን።

ምግቡ እስኪመጣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፎቶግራፎች ተመለከትን። ሁሉም በ1950ዎቹ የተነሡ ናቸው፤ ወጣቶች በእንደዚህ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። ከሳቁት መካከል አንድ ጥቁር ፊት ፈልገን አጣን። የሚናፍቁት ዘመን እንደ እኛ ያለውን ሰው ከዚህ መቀመጫ የሚያስነሣ ዘመን ነበረ። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 በሰሜን ካሮላይና በግሪንስቦሮ ከተማ አራት ጥቁር ተማሪዎች በአንድ መደብር የምሳ ጠረጴዛ ተቀምጠው ቡና ቢጠይቁ አንሰጥም ተባሉ፤ እነርሱም አንነሣም ብለው ተቀመጡ፤ በየቀኑም እየተመለሱ፥ ሌሎችም እየተከተሉአቸው፥ በሐምሌ ያ ጠረጴዛ ለሁሉም ተከፈተ። በዚሁ በሜሪላንድም በ1961 የቻድ አምባሳደር ማሊክ ሶው ወደ ዋሽንግተን ሲጓዙ፥ በ40 ቍጥር መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ቡና ሊጠጡ ቢገቡ ስለ ቆዳቸው ተከለከሉ፤ ነገሩም እስከ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ደረሰ። በየሕዝብ ምግብ ቤቱ እንዲህ ያለውን መለየት የሚከለክለው የአገሪቱ ሕግ የወጣው በጁላይ 2 ቀን 1964 ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦክቶበር 1963 የኬኔዲ እንግዳ ሆነው ዋሽንግተን በገቡ ጊዜ እንኳ ሕጉ ገና አልወጣም ነበር። እኛ ግን ማንም ሳይከለክለን በቀዩ መቀመጫ ላይ ተደላድለን ተቀመጥን፤ አራቱን ተማሪዎችም አመሰገንናቸው።

ሳህኑ ከወጥ ቤቱ ትንሽ መስኮት ወጣ። ክቡ ዳቦ ለሁለት ተከፍሎ፥ በመካከሉ ሥጋውና አይቡ፥ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ተደራርቦ፥ በጐኑም የተጠበሰ ድንች ተከምሮ ነበር። በሁለት እጅ ይዘው እንደ ልጅ አፍን ከፍተው ካልሆነ በቀር አይበላም፤ በእኛ ዕድሜና ማዕርግ ላለ ሰው ጥቂት ያሳፍራል። በመጀመሪያ የሥጋው ጢስ፥ ቀጥሎም የሽንኩርቱ ጣፋጭነት መጣልን። ከዚያ በኋላ ሚጥሚጣው ተከተለ፤ ከሚጥሚጣውም በስተኋላ፥ ምላስ ላይ ዘግይቶ የሚቀረው የኮረሪማ ሽታ።

ዳቦውን በሳህኑ ላይ አስቀመጥን። ይህ የእናታችን ቤት ሽታ ነው። በዓለም ሁሉ ያለው የእኅታችን ሙቀጫ አንድ ነው፤ ከሦስት ቀን በፊትም ጥቅሉን በእጃችን ለማን እንደ ሰጠን እናውቃለን።

አስተናጋጅዋን ወጥ ቤቱን እንድትጠራልን ለመንናት። በበሩ ብቅ ያለው የእኅታችን ልጅ ነበረ፤ ነጭ ሽርጥ ታጥቆ፥ ላቡ በግንባሩ ላይ። እኛን ባየ ጊዜ እጁን በሽርጡ ጠረገ፥ ቀረብ ብሎም፥ «ጋሼ፥ ማን ነገረዎት?» አለን።

«እናትህ» አልነው፥ ወደ ሳህኑ እያሳየን።

እንግዳ በቀነሰበት ሰዓት ከጐናችን ተቀምጦ ነገሩን አጫወተን። የሄደው ለትምህርት ነበረ፤ በሁለተኛው ዓመት የትምህርቱ ክፍያ አልቻለውም። ሳህን አጠበ፥ ኋላም ወደ ምጣዱ አሻገሩት። እናቱ በስልክ ሥራውን በጠየቀችው ቀን የቢሮ ሥራ ለማግኘት ተስፋ ነበረውና፥ ቢሮ አላት፤ ተስፋው ሲቀር ቃሉን መመለስ አልሆነለትም፤ በሩና በበሩ ላይ ያለው ስምም ኋላ የተጨመሩ ናቸው። ለባንክ በየወሩ የሚከፈለው የቱሉ ዲምቱው ቤት ዕዳ ግን ከዚህ ከምጣዱ የሚወጣ ነው። አስተናጋጆቹ ቲፕ የሚባለውን ጉርሻ ይቀበላሉ፤ የአገሪቱ ሕግ ለእነርሱ ቀጣሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ቢከፍል ይፈቅዳል፥ ይህም ከ1991 ወዲህ አልጨመረም፤ ስለዚህ ኑሮአቸው በእንግዳው እጅ ነው። የወጥ ቤቱ ሰው ግን ከመስኮቱ በስተኋላ ስለሆነ ማንም አያየውም። በዚያ ሌሊት የበሉት ከሆስፒታል የወጡ ነርሶች፥ ዘበኞችና ነጂዎች ነበሩ፤ እንደ ዋልተር ስኮት ዘመን ሁሉ ሌሊት የሚሠራውን የሚያበላው ሌሊት የሚሠራ ነው።

ልንነሣ ስንል፥ «ጋሼ፥ ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ» አለን።

የእኛ እንጀራ በፍርድ ቤት የምስክሮችን ቃል መጻፍ ነው። በክፋት የሚዋሸውን ምስክር መዝግበን እንረሳዋለን፤ ስለ ፍቅር የሚዋሸውን ስንጽፍ ግን ብዕራችን ይከብደናል። ስለዚህ፥ «ካልጠየቀችን አንናገርም፤ ከጠየቀችን ግን አንዋሽም» አልነው። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፥ ሊከፍል የነበረውን እጃችንን መልሶ፥ ወደ ምጣዱ ገባ።

በተመለስን በማግሥቱ ወደ ቱሉ ዲምቱ ወረድን። እኅታችን ቡና አፍልታ ትጠብቀን ነበረ። ስለ ሚጥሚጣው ጠየቀች፤ ደርሷል፥ ወዶታልም አልናት። ስለ ጤናው ጠየቀች፤ ደኅና ነው አልናት። ከሁለተኛው ስኒ በኋላ፥ «በሩን አየኸው? ስሙ በትልቁ ነው የተጻፈው?» አለችን።

ከአፋችን ቃል ባይወጣ፥ ከሰሉን በመቆስቆሻ እየነካካች፥ «በሩ የለም ማለት ነው» አለች። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርናት፤ ስለ ባንኩ ዕዳም ጭምር። እስክንጨርስ ድረስ ቀና አላለችም። በመጨረሻ፥ «እንጀራ ስጋግር ጢሱ ዐይኑን ያቃጥለው ነበር፤ ውጭ ወጥቶ ነበር የሚጠብቀኝ» አለች። ዐይንዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ብድግ ብላ፥ «ተነሣ፤ የሚያበስለውን አሳየኝ» አለችን።

ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። በኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት፥ ከፀጉር አስተካካዩ ጐን፥ በርገር የሚሸጥበት ጠባብ ቤት አለ፤ ግድግዳው ላይ የአሜሪካን አሮጌ መኪና ሥዕል ሰቅለውበታል፥ ወንበሮቹም ቀይ ናቸው። ከሲልቨር ስፕሪንጉ አምሳያ የተቀዳ አምሳያ መሆኑ ነው። በመጣላት ጊዜ እኅታችን የላይኛውን ዳቦ ገልጣ ሥጋውን እንደ ባለሞያ መረመረችው፥ እሳቱ ቸኩሎበታል አለች፥ ከቦርሳዋም ሚጥሚጣዋን አውጥታ ነሰነሰችበት። ሁለት እጅ ይዞ ስለ መብላት ብንነግራትም አልሰማችንም፤ በቢላዋ ለሦስት ቈረጠችው። አንዱን ለእኛ አጐረሰችን፥ ሁለተኛውን ላመጣላት ልጅ አጐረሰችው፥ ሦስተኛውን ራስዋ በላችና ለረጅም ጊዜ አላመጠችው።

በማግሥቱ ከጧቱ በአንድ ሰዓት፥ በዚያ አገር እኩለ ሌሊት ሲሆን፥ እሑድ ሳይሆን ደወለችለት። እኛም አጠገብዋ ነበርን። እርሱ ባነሣው ጊዜ ሥጋው በምጣዱ ላይ ቸስ ቸስ ሲል በስልኩ ይሰማ ነበር።

«ሥጋውን ስንት ጊዜ ነው የምታገላብጠው?» አለችው።

ከወዲያ በኩል ለጥቂት ጊዜ የምጣዱ ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ ከዚያም፥ «አንድ ጊዜ ብቻ፥ እማዬ» ሲል ሰማነው።