ጉዞ ወደ ሾላ ገበያ፦ ምሳችንን የት እንብላ?



የጉዞ ጽሑፍ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የሐረር ጀጎል፣ የነጃሺ መስጂድ፣ አለያም ባሕር ተሻግሮ መካና መዲና ነው። የዛሬው ጉዟችን ግን ከመገናኛ ተነስቶ በእግር የሚያልቅ ነው። ወደ ሾላ ገበያ ሄደን ነበር። የሄድነው ቅቤና በርበሬ ልንገዛ ሲሆን የምንጽፈው ግን ስለ ምሳችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር ወር መጨረሻ፣ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሳምንት እናታችን ከወሎ መጡ። እናታችን ከቤታቸው ውጭ እህል አይቀምሱም ማለት ይቻላል። ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ የበሉት ሙዝና የተቀቀለ እንቁላል ብቻ ነበር። ለምን ቢሏቸው፣ «ሙዝን የሚያርደው የለም፤ እንቁላልንም እንዲሁ» ይላሉ።

ገበያ የሚወጡበትንም ቀን ይመርጣሉ፤ ረቡዕ ወይም ዐርብ መሆን አለበት። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በሚጾሙበት ቀን የየምግብ ቤቱ ድስት ምስር፣ ጎመን፣ ድንችና በዘይት የተሠራ ሽሮ ስለሆነ ሙስሊሙም ሳይጨነቅ በያይነቱን አዝዞ ይበላል። ይህ የእናታችን ብልሃት ብቻ አይደለም። በሥራ ቦታና በኮሌጅ ያለ ሙስሊም ሁሉ ያውቀዋል፤ ከጥንቱም የኖረ ነው። በ2017 ዓ.ም እና በ2018 ዓ.ም ረመዷንና ዐቢይ ጾም ከሞላ ጎደል አብረው በዋሉበት ጊዜ ደግሞ ሁላችንም ጿሚ ሆነን ምግብ ቤቶች ቀን ቀን ጭር ብለው እንደነበር የሚታወስ ነው። የእኛ ጉዞ ግን ረቡዕ ዕለት እንግዳ መጥቶብን ሐሙስ ላይ ዋለ። ጣጣው የመጣው ከዚሁ ነው።

ሾላ ገበያ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከመገናኛ ወደ እንግሊዝ ኤምባሲ በሚወስደው አቅጣጫ ይገኛል። ሾላ የዛፍ ስም መሆኑን ልጆቻችን አያውቁም ነበር። የበለስ ዘመድ መሆኑን ስንነግራቸው ታናሹ ወዲያው ሱረቱ ቲንን መቅራት ጀመረ። የታክሲው ረዳት ሳይቀር ዝም ብሎ አዳመጠው። አካባቢው በወተትም የታወቀ ነው። በዚሁ በሾላ የወተት ማቀነባበሪያ ተተክሎ ነበር፤ ስሙም እስከ ዛሬ በወተት መያዣው ላይ ቀርቷል።

የቅቤ ተራው ከሩቁ በሽታው ይታወቃል። ለጋው፣ መካከለኛውና በሳሉ በየፈርጁ ተደርድሯል። እናታችን በጣታቸው ጫፍ ቆንጥረው የእጃቸውን ጀርባ ቀቡና ቆይተው አሸተቱ። ቅቤ ከሌላ ነገር ጋር እየተደባለቀ በሚሸጥበት ዘመን ይህ ጥንቃቄ አይበዛም። በርበሬ ተራ ስንደርስ ደግሞ ከላይ የተዘረጋውን ቀይ በርበሬ አልፈው ክንዳቸውን ጆንያው ውስጥ ሰደዱት። ነጋዴው ቅር አለው። እኛ ግን ታላቁ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ባገኙ ጊዜ ሻጩን የገሠጹበትን፣ በሙስሊም ሶሒሕ የተዘገበውን ሐዲስ ለልጆቻችን ለመንገር ጥሩ አጋጣሚ አገኘን። ይህኛው በርበሬ ግን ከላይም ከታችም ደረቅ ነበር። ገዛን፤ ነጋዴውም ፈታ አለና ኮረሪማ መረቀልን።

በመጨረሻ እናታችን አንዲት ዶሮ ገዙ። ከነነፍሷ፣ እግሯ ታስሮ። «ማታ ቢስሚላህ ብላችሁ ስታርዱ ዓይኔ ያያል» አሉ። ዶሮዋ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የጉዟችን አባል ሆነች።

ዙህርን በአቅራቢያው ባለ መስጂድ ሰግደን ስንወጣ ልጆቹ ርቧቸዋል። እናታችንም ባይናገሩ ከጠዋት ጀምሮ ከሻይ በቀር ምንም አልቀመሱም፤ የስኳር መድኃኒት ደግሞ ይወስዳሉ። የስኳር ሕመምተኛ ሳይበላ መዋሉ ምን እንደሚያስከትል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አየን።

በባሕር ላይ ለመዝናናት በሚጓዙ ግዙፍ መርከቦች ውስጥ ተሳፋሪው ማታ ማታ ከጣልያን ቤት፣ ከጃፓን ቤት፣ ከጥብስ ቤት እያማረጠ ይበላል ሲባል ሰምተናል። የሾላ ዙሪያም ምርጫው ከዚያ አያንስም፤ ማዕበል የለውም እንጂ። ተጋቢኖው እየተንተከተከ የሚቀርብበት ሽሮ ቤት አለ። ሥጋው በር ላይ የተሰቀለ ጥብስ ቤት አለ። ክትፎ ከቆጮና ከአይብ ጋር የሚቀርብበት አለ፤ ፉል ቤት፣ ጭማቂ ቤት፣ አሳ ቤት አለ። ሌላው ሰው የሚመርጠው ኪሱንና ምላሱን አማክሮ ነው። እኛ ግን ሦስተኛ አማካሪ አለን።

እዚህ ላይ ወጣት አንባብያን ዘወትር የሚያነሱትን ጥያቄ መንካት ተገቢ ነው። በሱረቱል ማኢዳህ 3ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) በክትን፣ ደምን፣ የአሳማ ሥጋንና ከእርሱ ስም ሌላ የተወሳበትን እርድ እርም አድርጓል። በዚያው ምዕራፍ 5ኛው አንቀጽ ደግሞ የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ እንደተፈቀደ እናነባለን። «ታዲያ የጎረቤቶቻችንን እርድ ለምን አንበላም?» ይሉናል። ዑለማዎች በዚህ ላይ ሰፊ ትንታኔ አላቸው፤ በእርዱ ላይ የማን ስም ተወሳ የሚለው የትንታኔው ዋና ነጥብ ነው። ብይን መስጠት የእኛ የመምህራን ሥራ አይደለምና ለባለቤቶቹ እንተወዋለን። በአገራችን ግን ሙስሊሙ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ብሎ ያርዳል፤ ክርስቲያኑም በሥላሴ ስም ያርዳል፤ አንዱ የሌላውን አይበላም። ሥጋ ቤቱ በሩ ላይ ጨረቃ ወይም መስቀል የሚያደርገው ለዚሁ ነው። መለየቱ የጥላቻ ምልክት የሚመስለው ሰው ካለ ሠርግ ቤት ገብቶ ይመልከት። ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ የተለየ በግ ገዝቶ፣ ሙስሊም ጠርቶ አሳርዶ፣ ድስቱንና ወጥ ሠሪዋን ለይቶ ይጠብቃል። ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዳው እንደዚያው። እንዲህ የሚደክም ሰው እንግዳውን ይንቃል አይባልም።

ወደ ምሳችን እንመለስ። መጀመሪያ የገባነው ሽሮ ቤት ነበር። አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጃችን ገና ሳንቀመጥ እጃችንን ጎተተችና፣ «አባ፣ እባክህ ጮክ ብለህ እንዳትጠይቅ» አለችን በሹክሹክታ። ከወዲያኛው ጠረጴዛ የክፍሏ ልጆች ተቀምጠው ነበር። ልንቆጣ ቃጣንና ዝም አልን፤ ይህን እፍረት ከማንም በላይ እናውቀዋለንና። በኮሌጅ ተማሪነታችን ዘመን ከጓደኞቻችን ጋር ሽሮ አዝዘን የቀረበልን ቦዘና ሆኖ፣ በመካከሉ የሥጋ ቁራጭ እያየን፣ «የማን እርድ ነው?» ብሎ መጠየቅ ኋላ ቀርነት መስሎ ታይቶን በልተናል። ቁርኣንን በልጅነት የቀራ ሰው! ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደንም። ከጓደኞቻችን አንዱ ኋላ ሲሰማ፣ «ብትናገር ኖሮ እኔ ራሴ ሌላ አስመጣልህ ነበር» አለን። ክርስቲያን ነው። የተቀየመንም አምኖ ስላልነገርነው ነበር።

እኛ ይህን ስናስታውስ እናታችን ማንንም ሳያፍሩ የቤቲቱን ባለቤት ጠርተው፣ «ልጄ፣ ሽሮሽ ምን አለበት?» አሏት። ሴትየዋ ነጠላዋን ያጣፋች፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ናት። እናታችንንና ከወንበሩ ሥር ያለችውን ዶሮ አየት አድርጋ፣ «እማማ፣ አልዋሽዎትም» አለች። «ዛሬ ሐሙስ ነው። ሽሮዬ በቅቤ ነው፤ ቅቤው ይሁን። ግን ቦዘናውንም ተጋቢኖውንም የምናማስለው በአንድ ማንኪያ ነው። ነገ ቢመጡ ግን ጾም ነው፤ አስደስትዎታለሁ።» ከዚያም በር ድረስ ወጥታ ጨረቃ የተሰቀለበትን ምግብ ቤት አሳየችን። በምሳ ሰዓት አምስት ተመጋቢ በገዛ እጇ ሸኘች ማለት ነው።

የተጠቆምነው ቤት ገባን። ጨረቃዋ ትልቅ ናት፤ ግድግዳው ላይ የካዕባ ሥዕል አለ። እውነቱን ለመናገር እኛ እዚህ ላይ መጠየቁ አያስፈልግም ባዮች ነበርን። በቡኻሪ እንደተዘገበው አንዳንድ ሰዎች ሥጋ ያመጡልናል፣ የአላህን ስም ያውሱበት አያውሱበት አናውቅም ተብለው ሲጠየቁ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እናንተ ስሙን አውስታችሁ ብሉ ብለዋል። የሙስሊምን ምግብ በጥርጣሬ መመርመር አግባብ አይደለም። ይህንን ለእናታችን እየነገርናቸው ሳለ አስተናጋጁ ልጅ ራሱ ነገሩን አበላሸው። ጥብስ ሲታዘዝ ወደ ጓዳ ጮኸና፣ «ሥጋው አልቋል? ከጎን አምጡ!» አለ። ከጎን ያለው ደግሞ በሩ ላይ መስቀል ያለው ሥጋ ቤት ነው። ከየትኛው ጎን እንደሆነ ብንጠይቀው፣ «ኧረ ሁሉም አንድ ነው፤ ጨረቃዋን አላያችሁም?» ብሎ ሳቀ።

ባለቤቱ አልነበረም። ምናልባት ልጁ ሊቀልድ ፈልጎም ይሆናል፤ ሌላ የሙስሊም ሥጋ ቤትም በዚያ አካባቢ አይጠፋም። አብዛኞቹ ሙስሊም ነጋዴዎቻችን በዚህ ጉዳይ አላህን እንደሚፈሩ እናውቃለን። ሆኖም ኑዕማን ኢብኑ በሺር ያስተላለፉት ሐዲስ ሐላሉም ሐራሙም ግልጽ መሆኑን፣ በመካከላቸው ያለውን አጠራጣሪ ነገር የተወ ሃይማኖቱንና ክብሩን እንደጠበቀ ያስተምረናል። ተነሳን። ጨረቃ የሰቀለ ሰው አደራ እንደሰቀለ ይወቀው፤ ይህን ሳንል ብናልፍ ደግሞ ሽሮ ቤቷን ሴትዮ ማስቀየም ይሆንብናል።

ሦስተኛው አሳ ቤት ነበር። የባሕርና የሐይቅ ፍጥረት እርድ እንደማያሻው የታወቀ ነው፤ የባሕር ውሃው ንጹሕ፣ ሙቱም የተፈቀደ መሆኑን የሚያስረዳ ሐዲስ በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። ጫሞ፣ ዝዋይና ጣና ያላት አገር ሙስሊም ለምን አሳን እንደሚረሳ ሁልጊዜ ይገርመናል። እናታችን ግን ደጃፉ ላይ ቆሙ። እኛም ደክሞን ነበርና አፋችን ተያዘ። ያኔ ልጃችን ወደ መጥበሻው ቀረበችና፣ ድምጿን ሳትቀንስ፣ «እኛ ሙስሊሞች ነን። በዚህ ዘይት ሥጋ ይጠበስበታል ወይ?» ብላ ጠየቀች። ጠባሹ ቀና ብሎ፣ «እህቴ፣ በዚህ ቤት ከአሳ በቀር ሌላ ገብቶ አያውቅም፤ ግቢና እይው» አላት። ገብታ አየች። ዞር ብላም «አያቴ፣ ይግቡ» አለች።

ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ፣ በሎሚና በዳጣ ቀረበልን። እናታችን «ቢስሚላህ» ብለው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለልጃችን አጎረሱ፤ ሁለተኛውንም። ቀስ በቀስ የእጃቸው መንቀጥቀጥ ቆመ። አሳውን እስከ አጥንቱ ለቀሙት። ታናሹ ልጃችን አከርካሪውን ለዶሮዋ ሊሰጥ ሲል ነው የተከለከለው።

ወደ ታክሲው ስንመለስ በሽሮ ቤቱ ደጅ አለፍን። ሴትየዋ ቄጠማ ጎዝጉዛ ቡና አፍልታለች። እናታችን ሳይጠሩ ገቡና ዱካ ስበው ተቀመጡ። «ቡናሽ ማማሰያ የለውም መቼም» ሲሏት ሴትየዋ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። አቦሉ ተቀዳ። እናታችን በወሎ ልማድ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ «አላህ እጅሽን ይባርክ፤ ንግድሽን ያድልብ፤ ከክፉ ይሠውርሽ» ብለው መረቁ። እርሷም «አሜን፣ አሜን እማማ» አለች ጎንበስ ብላ። ቶናው ተጠጣ። ዶሮዋ ቄጠማውን መጫር ጀምራለች።

ዐስር እንዳያልፈን ሰዓታችንን እያየን እንነሳ ብንላቸው እናታችን ስኒያቸውን ወደ ረከቦቱ መለሱና፣ «በረካውን ሳልጠጣ ወዴት!» አሉ። ሴትየዋም ጀበናዋን መልሳ ጣደች።