ጢም ያበቀለ ጀማሪ

ቼዝ በልጅነት ካልተጀመረ አይሆንም ይላሉ። ለምስክርነትም ኩባዊውን ካፓብላንካን ይጠሩብናል፤ በ4 ዓመቱ አባቱ ሲጫወት እያየ ተማረ ይባላልና። እኔ ደግሞ ጨዋታውን የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ፣ በ20 ዓመቴ ነው። ይህን አነጋገር በሰማሁ ቁጥር «እሺ፣ ዕድሜው ያለፈበት ሰው ምን ያድርግ? ዳር ቆሞ ሲያጨበጭብ ይኑር?» ማለት ይቃጣኛል።

ባደግሁበት በብልባላ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይነሣም። ብልባላ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የላስታ ከተማ ናት፤ ከአለት የተፈለፈሉትን ጊዮርጊስንና ቂርቆስን የሚያውቅ ያውቃታል። በእኛ አገር ቅኔ ቤት የሚገባው ሕፃን ብቻ አይደለም። ዳዊት ደግሞ፣ ዜማ ተምሮ፣ ጢም አብቅሎ የሚመጣ ሞልቷል። መምህሩ ዕድሜውን ጠይቆ አይመልሰውም። ነገር ግን ትልቅ ነኝ ብሎ ከላይ አይጀምርም፤ ትንሹም ትልቁም የሚነሣው ከጉባኤ ቃና፣ ከ2 ቤት ነው። ባለ 8 ቤቱ መወድስ እስኪደርስ ብዙ ቆሎ ይበላል።

እኛ በጎልማሳነታችን ቼዝ የጀመርነው ሰዎች ግን ከመወድስ መነሣት እንወዳለን። የሲሲሊያን አከፋፈት እስከ 15ኛው እርምጃ በቃል እናጠናለን፤ ያኛው ሰውዬ መጽሐፉን አላነበበምና በ4ኛው እርምጃ ላይ ሌላ ነገር ያደርጋል። ከዚያ ወዲያ ባዶ እጅ ነው። ያው ካፓብላንካ በ1921 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የቼዝ መሠረታውያን መጽሐፉ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ሰሌዳው ላይ ሦስት አራት ቁም ነገር ብቻ አስቀምጦ ንጉሥ እንዴት እንደሚያዝ ያሳያል። የእርሱ ጉባኤ ቃና ይሄ ነው ብል የሚቆጣኝ ያለ አይመስለኝም።

የአእምሮ ነገርም አለ። ቼዝና ሳይመን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች (የአንደኛው ስም በአማርኛ ከጨዋታው ጋር መግጠሙ ያስቃል) በ1973 አንድ ጥናት አወጡ። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳ ለ5 ሴኮንድ አሳይተው ሸፈኑትና በሌላ ሰሌዳ ላይ መልሳችሁ ደርድሩ አሉ። ሊቁ 16 ያህሉን በቦታው ሲመልስ ጀማሪው 4 ያህል ብቻ መለሰ። ቀጥለው መሣሪያዎቹን እንደ ጤፍ በትነው እንዲያው ያለ ሥርዓት አስቀመጧቸው። ሊቁም ጀማሪው አጠገብ ወረደ። እንግዲህ ሊቁ ከተፈጥሮ የተለየ የማስታወስ ጸጋ የለውም ማለት ነው፤ ያለው ብዙ ያየ ዓይን ነው። እንደ ፊደል ሳይሆን እንደ ቃል ያነባል። ብዙ ቅኔ የሰማ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ቃል ቤቱ ወዴት እንደሚሄድ እንደሚጠረጥር ማለት ነው። ይህ ዓይን ለልጅ ፈጥኖ ይመጣል፤ አልክድም። ለጎልማሳ ግን ተዘግቷል የሚል በጥናቱ ውስጥ የለም።

ዓይኑ በመጫወት ብዛት ብቻ ይመጣ ቢሆን ኖሮ ግን መኝታ ቤታችን የሊቃውንት መንደር በሆነ ነበር። አንዳንዱ በአንድ ሌሊት በስልኩ ሠላሳ ጨዋታ ይጫወታል፤ ጠዋት ሲነሣ ያው ነው። የቅኔ ተማሪ እንዲህ አይደለም። ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ በሰው ፊት ያቃናለታል። ሳይነገር የሚቀር ቅኔ የለም። ከእኛ ስንቱ ነው የተሸነፈበትን ጨዋታ ጽፎ ይዞ ለሰው የሚነግር? «ማሽኑ ይነግረኛል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ኮምፒዩተር በ1997 ካስፓሮቭን ካሸነፈ ወዲህ ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ስልክ እንኳ ከዓለም ሻምፒዮን ይበልጣል። ነገር ግን ማሽኑ የተሻለውን እርምጃ ያሳይህና ዝም ይላል። «ፈረሱን እዚያ ስታስቀምጥ ምን ፈርተህ ነው?» ብሎ አይጠይቅህም። ቅኔ የሚቃናው በዚህ ጥያቄ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ጨዋታው ዛሬ ከባሕር ማዶ የመጣ እንዳይመስል። ሰንጠረዥ የአባቶቻችን ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ የትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ ያየውን ጽፏል፤ በዙሪያው ያሉት መኳንንት ሁሉ ምክር እየሰጡ ይንጫጩ ነበር አሉ። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ታሪኩንና ሕጉን ሰብስቦ በአንድ ጽሑፍ አውጥቶታል። በብልባላ ያየሁት ገበጣ ብቻ ነው፤ ሰንጠረዥ የሚጫወት ሽማግሌ አላጋጠመኝም። ይህ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ሕጉ ለዘገየ ጀማሪ የተሠራ ይመስላል። ጨዋታው ሲከፈት ተራ የሚባል ነገር የለም፤ አንዱ የሌላውን መሣሪያ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። ወረራ ይሉታል። በቃል የተጠና አከፋፈት እዚያ ምንም አይረባም፤ የባላጋራህን እጅ ማየት ግዴታ ነው። ማሸነፉም ደረጃ አለው፦ በደርና በፈረስ ንጉሥ መያዝ ያልሠለጠነ ሰው ሥራ ይባላል፤ በፊል ደህና ነው፤ በመደቅ፣ በዚያ በተራው ወታደር፣ ከሆነ ግን ትልቅ ሙያ ነው።

አንድ የክፍል ጓደኛዬና እኔ በቀይ ጨርቅ ላይ መስመር አስምረን እንደ ፓንክረስት ጽሑፍ መጫወት ጀምረናል። ከጨዋታው በኋላ እያንዳንዳችን እንነግራለን፣ አንዱ የሌላውን ያቃናል። በመደቅ የያዝኩት እስካሁን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ንጉሡን ወደ ጥግ ለመንዳት እስከ እኩለ ሌሊት ፈጅቶ።