ተያዥ የሌላት ረዳት

አዲስ አበባ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ፣ ሾፌር ወይም የንብረት ክፍል ሠራተኛ የሚፈልግ ድርጅት ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ ከትምህርት ደረጃውና ከሥራ ልምዱ ግርጌ አንዲት መስመር አትቀርም፤ «በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል»። ተያዡ ብዙ ጊዜ ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ የሚመጣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ነው። ሠራተኛው ገንዘብ ይዞ ቢጠፋ አሠሪው የሚያንኳኳው የተያዡን በር ነው። አሠሪው የሚቀጥረው አንድ ሰው ቢሆንም የሚተማመነው በሁለት ሰው ነው፤ ይበልጥ የሚተማመነው ደግሞ ሥራውን በማይሠራው ነው።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከባለቤቴ ወንድም ጋር ሁለት ትራክ አለን። አንዱን እሱ ይነዳል፣ ሌላውን ቅጥር ሾፌር ይዞታል፣ እኔ ደግሞ ከሌላ ሥራዬ ጎን ወረቀቱን እይዝ ነበር። አሁን የወረቀቱን አብዛኛውን የምትሠራልን አዲስ አበባ የምትኖር ሴት ናት። በአካል ተያይተን አናውቅም። ተያዥም የላትም፤ ቢኖራትስ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብዬ የተያዡን ደጅ እንዴት ልጠናው?

እንዴት እንደቀጠርኳት ከመናገሬ በፊት አገር ቤት ረዳት ሲባል ምን እንደሚሠራ ላስታውስ። ነጋዴው በአብዛኛው የሚፈልገው የሚሄድለት ሰው ነው። ጉዳይ አስፈጻሚ የሚባለው ሠራተኛ ቀኑን የሚገፋው በገቢዎች፣ በወረዳ፣ በባንክና በጉምሩክ ደጅ ነው። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ያስገባል፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል፣ በማግስቱ ይመለሳል። ዋናው ሙያው የትኛው መስኮት የትኛውን ጉዳይ እንደሚጨርስና እዚያ ያለችውን ሠራተኛ በስሟ እንዴት እንደሚጠራት ማወቅ ነው። እርግጥ ነገሩ እየተለወጠ ነው። ንግድ ፈቃድ በኢንተርኔት ይታደሳል፤ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህም ለብዙ ክፍያ መሰለፍ ቀርቷል። ቢሆንም የጉዳይ አስፈጻሚ ጫማ አሁንም ቶሎ ያልቃል።

የእኛ ሥራ ግን ማንም የትም እንዲሄድ አይጠይቅም። አንድ ሎድ፣ ማለትም ጭነት፣ ከተነሣበት እስከ ተራገፈበት ድረስ ወረቀት ይጎትታል። ጭነቱን የሚያገናኘን ብሮከር ዋጋውንና የመጫኛ ሰዓቱን የያዘ ሬት ኮን ይልካል። ሾፌሩ ሲጭን ቢ ኦ ኤል የሚባለውን የጭነት ሰነድ ይቀበላል፣ ሲያራግፍ ተቀባዩ ይፈርምበታል፣ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልካል። መጋዘን በር ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ካስቆሙት ዲቴንሽን የሚባል የመቆሚያ ክፍያ ይጠየቃል፤ የገባበትና የወጣበት ሰዓት በጽሑፍ ከሌለ ግን ብሮከሩ አይከፍልም። ከዚያ ኢንቮይስ ይዘጋጃል። ብሮከሮች በአብዛኛው በ30 ቀን ይከፍላሉ፤ ነዳጅ ደግሞ 30 ቀን አይጠብቅም፤ ስለዚህ ፋክተሪንግ ካምፓኒ የተወሰነ መቶኛ ቆርጦ ቀድሞ ይከፍለናል። በየሩብ ዓመቱ በየትኛው ስቴት ስንት ማይል እንደተነዳና ስንት ጋሎን እንደተቀዳ ተደምሮ የነዳጅ ግብር ሪፖርት ይገባል። የፊርማው ጫፍ ተቆርጦ የተነሣ አንድ ፎቶ ክፍያን ለሳምንት ያዘገያል። ይህን ሁሉ ለመሥራት ትዕግሥት፣ እንግሊዝኛና የማይቋረጥ መስመር ይበቃል።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አሜሪካውያን የለመዱት ፊሊፒንስን ነው። ለአሜሪካ ኩባንያ ስልክ መመለስና ሰነድ ማዘጋጀት እዚያ ትልቅ ኢንዱስትሪ ነው፤ ማኒላ ውስጥ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሠራተኛ ብዙ ነው። አንድ የማውቀው የትራክ ባለቤት ከዚያ ቀጥሮ፣ ታኅሣሥ ሲመጣ ረዳቱ ስለ 13ኛ ወር ደመወዝ ብትጠይቀው የምትቀልድ መስሎት ነበር። ቀልድ አይደለም። በፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በፕሬዚዳንታዊ ድንጋጌ ቁጥር 851 የታወጀ የሠራተኛ መብት ነው። የውጭ ደንበኛ በሕጉ ባይገደድም ልማዱን ጠብቆ የሚከፍለው ብዙ ነው። 13 ወር ካለው አገር መጥተን ለዚህኛው 13ኛ ወር እንግዳ መሆናችን ትንሽ ያስቃል።

እኔ ወደ አዲስ አበባ ያዘነበልኩት በአገር ፍቅር አይደለም። ሾፌሮቻችን አማርኛ ተናጋሪ ናቸው። ኦሃዮ ውስጥ አንድ መጋዘን በር ላይ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው ንዴቱን የሚያወራው በአማርኛ ነው፤ ያንን ሰምቶ ለብሮከሩ ጨዋ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚያደርግ ሰው ማኒላ አይገኝም።

አገር ቤት ሰው ልቀጥር ነው ብለህ ካወራህ ቀድሞ የሚደውለው ዘመድ ነው። እዚህ ላይ አቋሜ ግትር ነው፤ ዘመድ አይቀጠርም። ዘመድ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ደመወዝና ርዳታ አንድ ኤንቨሎፕ ውስጥ ሲገቡ የትኛው የትኛው እንደሆነ ስለሚጠፋ ነው። የአክስትህ ልጅ ሥራውን ባይሠራም ገንዘቡ መቅረት የለበትም፤ የአክስትህ የቤት ኪራይ ነዋ! ሥራውን አሳምሮ ቢሠራ ደግሞ ጭማሪ መጠየቅ ምስጋና ቢስነት ይመስልበታል። ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ። ለአክስቴ የምልከውን እልካለሁ፤ የሥራው ነገር ሌላ መዝገብ ነው።

ታዲያ ዘመድም ተያዥም ከሌለ በምን ትመርጣለህ? እኔ የመረጥኩት በሥራው ነው። ለአመልካቾቹ የተዘጋ የአንድ ሎድ ወረቀት፣ ስሙና የሒሳብ ቁጥሩ ጠቁሮ፣ ላክሁና ኢንቮይስ አዘጋጁ አልኩ። ለሙከራው ለሁሉም ከፍያለሁ፤ ነጻ ሙከራ የሚጠይቅ አሠሪ መጥፎ ምልክት ነው። ከወረቀቶቹ አንዱ ሆን ተብሎ የተቀባዩ ፊርማ የሌለበት ነበር። አብዛኛው ሰው ያማረ ኢንቮይስ ላከልኝ። የቀጠርኳት ሴት የላከችው ኢንቮይስ ሳይሆን ጥያቄ ነበር፤ «ቢ ኦ ኤሉ አልተፈረመም። ሾፌሩን ልጠይቅ ወይስ በዚሁ ልላክ?» ከሁሉም ዘግይታ ነው የመለሰችው።

ከዚያ የሚመጣው የይለፍ ቃል ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለውም እዚህ ላይ ነው። አገር ቤት ለሰው ሥልጣን ስትሰጥ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደህ ውክልና ትፈርማለህ። ውጭ ካለህ ደግሞ ኤምባሲ ትሄዳለህ። ውክልናው እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያከራይ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ እንዲከራከር እያለ ሥልጣኑን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ያልተጻፈው አልተሰጠም። የይለፍ ቃል እንዲህ ያለ ድንበር የለውም። ኢሜይልህን የከፈተልህ ሰው ሁሉንም ከፍቷል።

ስለዚህ እንደ ውክልና ያለ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ለኢንቮይስ ብቻ የተከፈተውን ኢሜይል ትጠቀማለች፤ የእኔን አትነካም። ፋክተሪንግ ካምፓኒው ዘንድ ሰነድ መጫን የምትችልበት የራሷ መግቢያ አላት፤ የባንክ ሒሳባችንን መለወጥ አትችልም። የይለፍ ቃሎቹ በማከማቻ ፕሮግራም ውስጥ ስላሉ ትጠቀምባቸዋለች እንጂ አታያቸውም፤ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውም አለ። የባንክ ቁጥር እንለውጥ የሚል መልእክት ከማንም ቢመጣ፣ ከእኔም ቢሆን፣ በስልክ ድምፄን ሳትሰማ አትፈጽምም። ይህች የመጨረሻዋ ነገር እሷን ለመጠርጠር የተጻፈች አይደለችም። በአሜሪካ የጭነት ሥራ ውስጥ የሌላ ሰው ድርጅት መስሎ ሎድ የሚወስድ፣ የሌላውን ኢሜይል ሰርስሮ ክፍያ ወደ ራሱ የሚያዞር ሌባ ሞልቷል። ላፕቶፕ ደግሞ አዲስ አበባም ሲልቨር ስፕሪንግም ይሰረቃል።

ለአሜሪካ ግብር የሚፈለገው ብዙ አይደለም። አሜሪካዊት ካልሆነችና ሥራውን የምትሠራው ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ፣ ደብልዩ-ኤይት ቤን የሚባለውን ፎርም ትሞላለች፣ እኔ ፋይል ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። እዚህ ላለ ኮንትራክተር የሚወጣው ቴን ናይንቲ ናይን እሷን አይመለከትም። ለእረፍቱና ለሙከራ ጊዜው የኢትዮጵያን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተዋስን። ውላችን የአገልግሎት ውል ስለሆነ አዋጁ ባይገዛንም፣ 60 የሥራ ቀን ሙከራና በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን እረፍት ለሁለታችንም የሚገባን መነሻ ነበር። በዓላትን በተመለከተ የእሷን ገናና ፋሲካ እናከብራለን፤ ታንክስጊቪንግ ቀን ደግሞ ብሮከሩም ስለማይሠራ ችግር የለም።

ደመወዙ በዶላር ይሁን በብር? ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በወር 300 ዶላር የተስማማ ሰው በባንክ 17 ሺህ ብር ገደማ ያገኝ የነበረው 30 ሺህ ገባለት። በ17 ሺህ ብር የተስማማው ግን ያው 17 ሺህ ነው፤ ዘይቱና የቤት ኪራዩ አልጠበቁትም፤ አሠሪው ደግሞ ምንም ሳያደርግ ወጪው በግማሽ ሊቀንስለት ምንም አልቀረውም። (በጎን፣ በጥቁር ገበያ፣ ይልክ ለነበረው ልዩነቱ ይህን ያህል አልነበረም፤ ይህንንም እናውቃለን።) በዶላር የሚሸጥ ሰው በብር ልክፈል ሲል ትርፉን ከምንዛሪው እየፈለገ ነው ባይ ነኝ። በዚያው ሰሞን የውጭ ምንዛሪ ገቢ ያላቸው ነዋሪዎች በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት እንዲችሉ ስለተፈቀደ፣ በባንክ መላክም ከበፊቱ የተሻለ ትርጉም አለው። እኛ በዶላር ተስማምተን በባንክ እንልካለን።

ሰዓቱ የራሱ ጨዋታ አለው። በአሜሪካ በጋ ዋሽንግተን ከጠዋቱ 9 ሲሆን አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። የእኛን አቆጣጠር ለሚያውቅ ሰው ቁጥሩ የሚለያየው በአንድ ብቻ ነው፤ በኖቬምበር መግቢያ አሜሪካ ሰዓቷን ስትመልስ በሁለት ይሆናል። ይህ መቀራረብ ጥሩ ቢመስልም ያሳስታል። «3 ሰዓት ላይ ይደርሳል» ብትለኝ በየትኛው አቆጣጠር፣ በየትኛው ከተማ? የመጋዘን ቀጠሮ ያመለጠው ትራክ ደግሞ እስከ ማግስቱ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ሰዓት በ24 ቁጥርና ከከተማው ስም ጋር ብቻ ይጻፋል። እሷ በአዲስ አበባ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምራ ማታ 3 ሰዓት ትጨርሳለች። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እኛ ተኝተን ትናንት የተራገፈው የሚጣራባቸው ናቸው፤ የቀሩት አብረን ነን።

መስመር ሲጠፋ ምን እናደርጋለን የሚለውንም አስቀድመን ተነጋግረናል፤ በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ እንደነበር የሚረሳ የለም። ሁለት ሲም ይዛለች፤ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም፣ ሌላው የሳፋሪኮም። አገር ሁሉ ከተዘጋ ግን ሥራው ወደ እኔ ይመለሳል፣ ደመወዟም አይቆረጥም።

ከሁሉ የከበደን ይሉኝታ ነው። በቴሌግራም «ጋሼ» ትለኛለች፤ ለጋሼ ደግሞ «እዚህ ላይ ተሳስተዋል» አይባልም። አንድ ጊዜ ሾፌሩ በቢ ኦ ኤሉ ላይ የሌላ ትሬለር ቁጥር ጽፎ ነበር። እሷ አይታዋለች፤ ግን ሾፌሩ በዕድሜ ታላቋ ስለሆነ ማረሙ ድፍረት መስሏት ጠበቀች። ማኒላ ያሉትም «ሰር» እያሉ እንደዚሁ ናቸው ይላል ያ የማውቀው የትራክ ባለቤት። «አትፍሪ፣ ተናገሪ» ብሎ መምከር ምንም አልለወጠም። የለወጠው በየቀኑ ሥራ ስትጨርስ በምትልከው ማስታወሻ ላይ «ዛሬ ያልገጠመ ነገር» የሚል መስመር መጨመራችን ነው። መስመሩ ባዶ ሆኖ መላክ የለበትም። አሁን የምትጽፈው መውቀስ ሳይሆን የተጠየቀችውን መሙላት ሆነላት። ከዚያ ወዲህ ሾፌሮቹን ብቻ ሳይሆን እኔንም ታርማለች፤ አንዳንዴ በደስታ ይመስለኛል።

የባለቤቴ ወንድም አሁን ብሮከሮችን በስልክ ማነጋገሩንም ትያዝልን ይላል። ያ ማለት የዋሽንግተንን ከሰዓት በኋላ መሥራት፣ ማለትም አዲስ አበባ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ መቀመጥ ነው። ጠየቅኳት። በማግስቱ መልስ ላከች፤ «ጋሼ፣ በአዋጁ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.75 ነው የሚባዛው። አዋጁ እኛን እንደማይመለከት አውቃለሁ፤ ግን እረፍቱን ከዚያው ነው የወሰድነው» ይላል። ከሥሩ በየሰዓቱ ያሰላችው ሠንጠረዥ አለ፤ የክረምቱና የበጋው ሰዓት ለየብቻ ተሠርቷል። የባለቤቴ ወንድም 1.5 ይበቃል ባይ ነው። እኔ ሠንጠረዡን ሁለቴ አይቼ ስህተት አላገኘሁበትም።