«አይገድልም» ከመባሉ በፊት ይለካ

እንደ ፔይንትቦል ጠመንጃ በታመቀ አየር ኳስ የሚተኩስ መሣሪያ በብዙ አገር ፖሊስ እጅ ገብቷል። ኳሱ ቀለም ሊይዝ ይችላል፤ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል የበርበሬ ዱቄት ሊይዝ ይችላል፤ ድፍን ጎማም ሊሆን ይችላል። ሻጮቹ «አይገድልም» ይላሉ። እኔ ግን በምን ያህል ኃይል ይመታል፣ ከስንት ሜትር፣ የት ላይ ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ በቁጥር ካልቀረበ ማንም አምኖ መቀበል የለበትም።

አርሲ ውስጥ ኢተያ ላደገ ሰው ጥያቄው እንግዳ አይደለም። ገብሱ እሸት ሲይዝ ወፍ የሚጠብቁት ልጆች ናቸው። ድንጋዩ ከወንጭፉ መሃል ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፤ አንደኛው ጫፍ ጣት ላይ ይጠለቃል፣ ሌላው በአውራ ጣት ይያዛል። ከዚያ ከራስ በላይ አሽከርክሮ መልቀቅ ነው። ትልልቆቹ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ግን ማነጣጠርን አይደለም። «ሰው ወዳለበት እንዳትወነጭፍ» ይላሉ። ድንጋዩ ጭን ላይ ቢያርፍ ያብጣል፣ ጆሮ ግንድ ላይ ቢያርፍ ይገድላል። ድንጋዩም ክንዱም ያው ነው፤ ልዩነቱ ያረፈበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንሂድ። የሚንቀሳቀስ ነገር ጉልበት የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ የሚገኘው ነው። የመጫወቻው የፔይንትቦል ኳስ 3 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በመጫወቻ ሜዳዎች የሚፈቀደው ፍጥነትም በሴኮንድ 90 ሜትር ያህል ነው። ይህ 12 ጁል ይሆናል። ለፖሊስ የተሠራው ኤፍኤን 303 የሚተኩሰው ደግሞ ስፋቱ ተመሳሳይ ሆኖ 8.5 ግራም የሚመዝን ነው፤ ጉልበቱ 30 ጁል ይደርሳል። የክላሽ ጥይት 2,000 ጁል ገደማ አለው። ከክላሽ ጋር ሲነጻጸር 30 ጁል ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን 50 ግራም የሚመዝን የወንጭፍ ድንጋይ በሴኮንድ 30 ሜትር ቢወረወር ጉልበቱ 22.5 ጁል ነው። እናቶቻችን ወደ ሰው እንዳንወነጭፍ የከለከሉን ድንጋይ ከፖሊሱ ኳስ ያነሰ ጉልበት አለው ማለት ነው።

ይህን ለመለካት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1742 ባሳተመው መጽሐፍ የጥይትን ፍጥነት በተንጠለጠለ እንጨት ለክቶ አሳይቷል። አንድ ኪሎ የሚመዝን፣ ፊቱ ጭቃ የተለጠፈበት ግንድ በአንድ ሜትር ገመድ ይንጠልጠል። 10 ግራም ጠጠር በሴኮንድ 30 ሜትር መጥቶ ጭቃው ውስጥ ቢቀበር ግንዱ ወደ 9.5 ሳንቲሜትር ይገፋል። የፔይንትቦሉ ኳስ ጭቃው ላይ ተጣብቆ ቢቀር ደግሞ ወደ 8.5 ሳንቲሜትር ይገፋዋል። ተመልካች ሁለቱ እኩል ናቸው ይላል። ከግፊቱና ከክብደታቸው ተነስቶ ጉልበታቸው ሲሰላ ግን የጠጠሩ 4.5 ጁል፣ የኳሱ 12 ጁል ነው። ጣውላ ወይም ሐብሐብ ላይ ተኩሶ «አያችሁ፣ ምንም አልሆነም» ማለት ፈተና የማይሆነው ለዚህ ነው። ዓይን የሚያየው ግፊት ሥጋ የሚቀበለውን ጉልበት አይነግረንም።

ርቀትም ሌላ ጉዳይ ነው። ኳስ ቀላልና ክብ ስለሆነ አየር ፍጥነቱን ቶሎ ይቀንሰዋል፤ በ3 ሜትርና በ30 ሜትር ያለው ምት አንድ አይደለም። አምራቾች «ከዚህ ርቀት በታች አትተኩስ» የሚል መመሪያ የሚጽፉትም ለዚህ ነው። አሰላ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር ኳሱ ፍጥነቱን ይዞ ራቅ ብሎ ይሄዳል። ባሕር ዳርቻ ባለ ቤተ ሙከራ ተለክቶ የተጻፈ ርቀት ለአርሲ ደጋ ልክ ነው ብሎ መውሰድ አይቻልም። እዚሁ መለካት አለበት።

ሳይለኩ ማመን የሚያመጣውን ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2004 ቦስተን ከተማ ቪክቶሪያ ስኔልግሮቭ የምትባል የ21 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ የቤዝቦል ድል በሚከበርበት ጎዳና ላይ ቆማ ሳለ ፖሊስ የተኮሰው የኤፍኤን 303 ኳስ ዓይኗን መታት፤ ከሰዓታት በኋላም ሞተች። ከተማዋ ለቤተሰቧ 5.1 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ቢኤምጄ ኦፕን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ በጎማ ጥይትና በመሰሎቹ የተጎዱ 1,984 ሰዎችን መዝገብ ሰብስቦ 53ቱ መሞታቸውን፣ 300ዎቹ ዘላቂ ጉዳት እንደደረሰባቸው አግኝቷል። ከሞቱት ግማሽ ያህሉ የተመቱት ራሳቸውና አንገታቸው ላይ ነው።

እኛም የራሳችን መዝገብ አለን። በ1997 ሰኔና በ1998 ጥቅምት ከ1997ቱ አገራዊ ምርጫ በኋላ በተነሳው ሁከት 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ቆጥሯል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በተከተለው ሁከት 123 ሰዎች መሞታቸውን፣ ከእነዚህ ውስጥ ከ75 በላይ የሚሆኑት በጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጿል። በዱላና በክላሽ መካከል ብዙ አማራጭ በሌለበት አገር ፖሊስ ሲጨንቀው የሚያነሳው ክላሹን ነው። ስለዚህ መካከለኛ መሣሪያ አያስፈልግም አልልም፤ ያስፈልጋል።

ግን መስከረም 22 ቀን 2009 ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ የሆነውንም እናስታውስ። ለኢሬቻ በዓል በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ። ሰው ተደናግጦ ሲሸሽ ገደል ውስጥ ገባ፣ ተረጋገጠ። መንግሥት 55 ሰዎች ሞቱ አለ፤ ሌሎች ቁጥሩን ከዚያ በጣም ከፍ ያደርጉታል። «አይገድልም» የተባለ ነገር መውጫ በሌለበት ቦታ፣ በታጨቀ ሕዝብ ላይ ሲተኮስ ምን እንደሚያደርግ የኦሮሚያ እናቶች ያውቁታል። የኢተያንም ዋና መንገድ ተመልከቱ፤ ከአዳማ ወደ አሰላ የሚያልፈው ያው አንድ አስፋልት ነው፤ መኪናው፣ ጋሪው፣ ተማሪው ሁሉ እሱ ላይ ነው። እዚያ ላይ የሚተኮስ ኳስ የታለመለትን ሰው ብቻ መርጦ አይመታም።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ እንዲህ ያለ መሣሪያ መተኮስ ያለበት ሰው ለመጉዳት በተነሳ ግለሰብ ላይ ብቻ፣ ወደ ታችኛው ሆድ ወይም ወደ እግር ብቻ መሆኑን ይገልጻል። ራስ፣ ፊትና አንገት አይነኩም። ይህ በወንጭፍ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ የሚማረው ሕግ በወረቀት ሲጻፍ ነው።

የምጠይቀው የማይቻል ነገር አይደለም። አንደኛ፣ መሣሪያው ለፖሊስ ከመታደሉ በፊት እዚሁ ደጋ ላይ፣ ከሻጩም ከፖሊሱም ነፃ በሆኑ ባለሙያዎች ይለካ፤ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች አሉት፣ አሰላ የሚገኘው አርሲ ዩኒቨርሲቲም ሐኪሞች አሉት። ሁለተኛ፣ በ5፣ በ10፣ በ20 ሜትር ያለው ጉልበት ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ተኩስ ማን፣ ከስንት ሜትር፣ ወደየት እንደተኮሰ ይመዝገብ፤ በኳስ የተመታ ሰው ሆስፒታል ሲመጣም ጉዳቱ ተለይቶ ይጻፍ። ልጆቹ ነገ በኢተያ አስፋልት ላይ የሚሄዱበት ወላጅ ይህን ቁጥር ለማወቅ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ የለበትም።